የበቆሎ ፍሬ ቁማር በጫኖ

ከወላይታ ሶዶ ወጥተን ሁምቦን ካለፍን በኋላ ሙቀቱ በመስኮት መግባት ጀመረ። የአባያ ሐይቅ ቡናማ ውሃ በስተግራ ብቅ ሲል ለልጄ "ያውልህ አባያ" አልኩት። ቀና ብሎ አየና "እሺ" ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። 17 ዓመቱ ነው። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ያን ሁሉ መንገድ አብረን ተጉዘን የተነጋገርነው ቢሰበሰብ አንድ ስኒ ቡና አያስጠጣም።

የዝምታችን ምክንያት 3,600 ብር ነው። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ስላለበት ለሦስት ወር ማጠናከሪያ ትምህርት የሚከፈል ብሎ ከአባቱ ተቀበለ። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ አስጠኚውን መንገድ ላይ አገኘሁት። "ልጅዎ ደህና ነው? መቼ ነው የሚጀምረው?" አለኝ። ቤት ገብቼ ልጄን ባፋጥጠው ከሰፈር ልጆች ጋር ፖከር እንደሚጫወቱ፣ በ10ና በ20 ብር ተጀምሮ ገንዘቡ ቀስ በቀስ እንዳለቀ ነገረኝ። "ጥቃቅን ብር እኮ ነው እማዬ" አለ።

"ለአባትህ እነግረዋለሁ!" ብዬ ጮህኩ። ይህን ያልኩት በኅዳር ነው። ታኅሣሥ ላይም ደገምኩት። ጥር ገባ፤ አልነገርኩም። እንደማልነግረው ልጁም ያውቃል። እናም ለግማሽ ዓመቱ እረፍት ይዤው ወደ ተወለድኩበት ጫኖ፣ ወደ ታላቅ ወንድሜ ቤት መጣሁ። ወንድሜን እኔም፣ ልጄም፣ ጎረቤቱም "ጋሼ" ነው የምንለው። ምን እንዲያደርግልኝ እንደፈለግሁ እኔም በቅጡ አላውቅም ነበር።

ጫኖን ለማታውቋት፦ በሶዶ በኩል ወደ አርባ ምንጭ ስትገቡ ከተማዋ ጋ ልትደርሱ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሯችሁ ታገኟታላችሁ። ጫኖ ስንል ጫኖ ሚሌ አለ፣ ጫኖ ዶርጋ አለ፣ ጫኖ ጫልባ አለ። በስተምዕራብ የጋሞ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በስተምሥራቅ ሜዳው እየዘቀዘቀ ሄዶ አባያ ውስጥ ይገባል፤ ከሐይቁ ማዶ የአማሮ ተራሮች ይታያሉ። ከደጋው የሚወርደው የሐሬ ወንዝ በቦይ እየተከፋፈለ ማሳውን ያጠጣል። ውሃው በተራ ነው፤ ተራው ሌሊት ለደረሰው አካፋውን ይዞ ሌሊት ይወጣል። እኔ ልጅ ሳለሁ እዚህ የማውቀው በቆሎና ጥጥ ነበር። አሁን ግራና ቀኙ ሙዝ ነው። ሰፈራችሁ ካለው ጉልት የምትገዙት ሙዝ ከዚሁ አካባቢ የመጣ ሊሆን ይችላል። እዚህ አረንጓዴውን ይቆረጣል፤ ቢጫ የሚሆነው እናንተ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው።

የጋሼ ግቢ ውስጥ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። እናቴ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ቀኑን የምትውለው ከዛፉ ሥር ሰሌን ላይ ነው። "ሳሮ!" ብላ ልጄን አቅፋ ሳመችው። ማታ ኩርኩፋ በሽፈራው ቅጠል ቀረበልን፣ ከጎኑ ዳጣ። ልጄ ዳጣውን እንደ ድልህ መስሎት ጠቀም አድርጎ አነሳና እንባው ወረደ። የጋሼ ትንሿ ልጅ፣ የ14 ዓመቷ፣ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

እራት ተበልቶ ቡናው ሲፈላ ልጄ ከቦርሳው ካርታ አወጣ። እኔ ደነገጥኩ። ጋሼ ግን "ምንድን ነው የምትጫወተው? ኮንከር ነው?" ብሎ ጠየቀው። "ፖከር ነው ጋሼ።" "እስኪ አሳየን።" የወንድሜ ሚስት ጠንካራ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናት፤ ከማጀት ድምጿ መጣ፦ "በዚህ ቤት በገንዘብ ካርታ አይጫወትም!" ጋሼ ተነሥቶ ከጆንያው በቆሎ ዘግኖ መጣ። ለእያንዳንዳችን 30 ፍሬ ተቆጠረልን። ቀድሞ ያለቀበት ሰው ጠዋት ሙዙን እስከ አስፋልቱ ይሸከማል ተባለ። ወንድሜ ሚስትም በዚህ ተስማማች።

ጨዋታውን ለማታውቁ ልጄ እንዳስረዳን ላስረዳችሁ። ካርታው ይበወዝና ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ይታደላል፤ ባለቤቱ ብቻ ያየዋል። ከዚያ መሐል ላይ አምስት ካርታ ይገለጣል፦ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ አንድ። እነዚህ የሁሉም ናቸው። በእጅህ ካሉት ሁለቱና መሐል ካሉት አምስቱ ምርጡን አምስት ታወጣለህ፤ ሁለት ተመሳሳይ፣ ሦስት ተመሳሳይ፣ ተከታታይ ቁጥር እያለ ይበላለጣል። በየመሐሉ ፍሬ ወደ ሳህኑ ይገባል። አንዱ ሲጨምር ሌላው ወይ ያንኑ ያህል ከፍሎ ይቀጥላል፣ ወይ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ጥለው ከወጡልህ ሳህኑ ያንተ ነው፣ ምን እንደያዝክ ማሳየትም አይጠበቅብህም። ስለዚህ ምንም ሳይዙ እንደያዙ ሆኖ መጨመር ይቻላል። ይህን ነው "ብለፍ" የሚሉት። እኛ ባዶ ጉራ እንለዋለን።

ሦስተኛው ዙር ላይ ልጄ 10 ፍሬ ወደ ሳህኑ ገፋ። ፊቱን ድንጋይ አስመስሎታል። ጋሼ ጣለ። እኔም ጣልኩ፣ ልጅቷም ጣለች። እናቴ ፍሬዋን አንድ ሁለት እያለች ቆጥራ 10 አስገባች።

"አያቴ፣ ቢጥሉት ይሻልዎታል" አላት።

"የያዝከውን ሳላይ የት እሄዳለሁ?" አለችው።

ሲገለጥ ልጄ ባዶ ነው። እናቴ ሁለት አራት ይዛለች፤ እሱም በቂዋ ነበር። ከጥቂት ዙር በኋላ ልጄ እንደገና ሞከራት፣ እንደገና ከፍላ አየችው። አራት ጊዜ እንዲህ ሆነ። እናቴ ለማሸነፍ አልተቀመጠችም፤ የልጅ ልጇ እጅ ውስጥ ያለውን ለማየት ነው የተቀመጠችው። ለዚያ ደግሞ በቆሎ አይሰሰትም። ከሁላችንም ቀድሞ ፍሬ ያለቀበት ልጄ ሆነ። ወባ ያለበት አገር ነውና ትንኝ ሲበዛ ጨዋታው ተበተነ፤ ሁሉም ወደየአጎበሩ ገባ።

ሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ አጎበሬ ውስጥ ተጋድሜ አሰላሁት። ሳህኑ ውስጥ 20 ፍሬ ካለና በባዶ እጅ 10 ከጨመርክ፣ 20ውን ለማግኘት 10 አስይዘሃል ማለት ነው። ከሦስት አንዴ ሰው ከጣለልህ ኪሳራና ትርፍህ ይመጣጠናል። ከዚያ በላይ ከጣሉልህ ታተርፋለህ። እናቴ ግን ከሦስት አንዴም፣ ከመቶ አንዴም አትጥልም። የልጄ ኪሳራ ያለቀለት ገና ሲጀምር ነው። በጥቃቅን ገንዘብ የሚጫወቱ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ እንደ እናቴ ናቸው፤ 10 ብር ሆኖባቸው "ከፍዬ ልየው" ይላሉ። 3,600 ብሩ የት እንደገባ የገባኝ ያን ሌሊት ነው። ልጄ በየቀኑ ጉራውን ይዞ የሄደው ጉራ ከማይሰሙ ሰዎች ዘንድ ነበር።

ጨዋታው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በሃንጋሪ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ለፖከር ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። በባዶ እጅ ለማስፈራራት ሁለት ምክንያት እንዳለ ያስረዳል። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ደካማ ሆኖ ሳለ ጠንካራ መስሎ መታየት። ሁለተኛው ረቀቅ ይላል፤ አልፎ አልፎ በባዶ እጅ የሚያስፈራራ ሰው መሆንህ ከታወቀ፣ በእውነት በያዝክ ቀን ሌሎች ተጠራጥረው ይከፍሉሃል። ሁለቱም ምክንያቶች የቆሙት በአንድ ነገር ላይ ነው፦ አብረውህ የተቀመጡት ሰዎች ስላንተ በሚያስቡት ላይ። ባጭሩ በስምህ ላይ።

ጠዋት ልጄ ሙዙን ተሸከመ። የሙዝ ዘለላ ከባድ ነው፤ ወተቱ ልብስ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ አይለቅም። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ሲጨርስ ሸሚዙ ተበላሽቶ ነበር። አስፋልቱ ዳር አይሱዙ ቆሟል፤ ነጋዴውና ደላላው ሚዛን ሰቅለዋል።

መጀመሪያ የተደራደረው አንድ ጎረምሳ ጎረቤት ነው። "ከሐዋሳ የመጣ ሌላ ነጋዴ በኪሎ 3 ብር ጨምሮ ጠይቆኛል" አለ። ነጋዴው ስልኩን አወጣ። "ማን ነው? የሐዋሳዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ስሙን ንገረኝና ልደውልለት።" ጎረምሳው ዝም አለ። ነጋዴው ዋጋውን ከመጀመሪያው አሳንሶ ሰጠው፤ ልጁም ተቀበለ። ሁሉም አይቷል።

የጋሼ ተራ ደረሰ። ጋሼ አንድ ዋጋ ጠራ። ነጋዴው "2 ብር ቀንስ" አለ። "አልቀንስም።" "ላንቴ ላይ እኮ በዚህ ዋጋ እጭናለሁ።" "መልካም፣ ጫን።" ነጋዴው ጋቢና ገብቶ ሞተር አስነሣ። ጋሼ ዞር ብሎ ልጁን "ፀሐይ እንዳይመታው ቅጠል አልብሺው" አላት። መኪናው ሃያ ሜትር ያህል ሄዶ ቆመ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰ። ጋሼ የጠራው ዋጋ ተከፈለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ከጉዟችን መጀመሪያ አንሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ፈቃድ ወሬ ጀመረ። "ጋሼ፣ ብለፍ ነበር አይደል?"

"ምኑ?"

"ባይመለስስ?"

"ባይመለስማ ሙዙ እዚያው ይውላል" አለ ጋሼ። "ከሦስት ዓመት በፊት እንዲሁ ብሎ ሄደብኝ፤ አልተመለሰም። ሌላ መኪናም አልመጣም። ግማሹን እዚህ በርካሽ ሸጥኩ፣ የቀረው ጠቁሮ ለከብት ሆነ። እሱም በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ ይህንኑ አይቷል። ከዚያ ወዲህ ጋሼ አልቀንስም ሲል እንደማይቀንስ ያውቃል። የዛሬዋ 2 ብር የተከፈለባት ያኔ ነው።"

ልጄ ትንሽ አሰበና "ጎረቤትዎስ?" አለ።

"እሱ ከእንግዲህ እውነተኛ የሐዋሳ ነጋዴ ቢመጣለትም የሚያምነው የለም።"

በሁለተኛው ማታ እንደገና ሰሌኑ ላይ ተቀመጥን። ጋሼ በሁለቱም ምሽት የተጫወተው ጥቂት ነው። ካርታውን አይቶ ይጥላል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ስለ ውሃ ተራው ያወራል። ሲገባ ደግሞ ይዞ ነው የሚገባው፤ ሲገለጥ ሁሌም ጥሩ ካርታ አለው። የ14 ዓመቷ ልጁ ሳትቀር "አባዬ ከጨመረ እኔ ወጥቻለሁ" ማለት ጀምራ ነበር።

እናቴ ደከማትና ተነሥታ ወደ መኝታዋ ገባች። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ዙር ላይ ጋሼ ገና ካርታው እንደታደለ ጨመረ። ልጄ ከፈለ። መሐል ላይ አስ፣ ዘጠኝና አራት ተገለጡ። ልጄ ዘጠኝና አራት ይዟል፤ ማለትም ሁለት ጥንድ አለው፣ ጥሩ እጅ ነው። ጋሼ እንደገና ጨመረ። ቀጣዩ ካርታ ተገለጠ፣ ጋሼ አሁንም ጨመረ። በመጨረሻው ካርታ ላይ የቀረውን ፍሬ በሙሉ በመዳፉ ሰብስቦ ሳህኑ ውስጥ ደፋውና ቡናውን አነሣ።

ልጄ ረጅም ጊዜ አሰበ። "ከመጀመሪያው ጀምረው ጨምረዋል... አስ ሲወጣም ጨምረዋል... ሁለት አስ ነው የያዙት" አለና ካርታውን ጣለ። ጋሼ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ። ትንሿ ልጅ ቀልጠፍ ብላ የአባቷን ካርታ ገለጠችው። ሰባትና ሁለት! በፖከር ከዚህ የባሰ መነሻ የለም።

ልጄ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱ ተቀየረ። "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አይዋሹም ነበር!"

"ሁለት ማታ ሙሉ አልዋሸሁም" አለ ጋሼ። "ለዚህ ነው ያመንከኝ። አያትህ ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አልሞክረውም ነበር።"

ጥቂት ቆይቶ ጋሼ እንደገና ብዙ ፍሬ ጨመረ። የተነካው ልጄ በዚህኛው አልጣለም፤ "አሁንስ አያታልሉኝም" ብሎ ያለውን ሁሉ ከፈለ። ጋሼ ሦስት ንጉሥ ይዟል። የፎን ኖይማን ሁለተኛው ምክንያት፣ መጽሐፉን በዓይኑ አይቶት በማያውቅ የሙዝ ገበሬ እጅ ማንጎ ሥር ሲሠራ አየሁት።

ያን ጊዜ ነው ጋሼ ነገሩን የቋጨው። "ልጄ፣ በቆሎው ነገ ጆንያው ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ በበቆሎ ስሜን አንድ ቀን ብሸጠው ግድ የለም፤ ጨዋታ ነው። ሙዝ የሚገዛው ሰውዬ ግን ሐሙስ ተመልሶ ይመጣል። ከእሱ ጋር እንዲህ አልጫወትም።"

በሦስተኛው ቀን ሦስታችን አርባ ምንጭ ወጣን። ከተማዋ ሁለት ናት፤ ላይኛዋ ሴቻ፣ ታችኛዋ ሲቀላ። ከላይኛው ዳር ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ስሟን የሰጧት ምንጮች የሚፈልቁበት ጫካ ከሥር አለ። በስተግራ አባያ ቡናማ ሆኖ፣ በስተቀኝ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ይታያሉ። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ ይባላል። ልጄ ስልኩን ያወጣው ፎቶ ለማንሣት ነበር።

ጋሼ ከተማዋን እያሳየን ሳለ በመስከረም 2011 ዓ.ም. የሆነውን አነሣ። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በቡራዩና አካባቢው የጋሞ ተወላጆች ተገድለው፣ ብዙዎችም ተፈናቅለው ሐዘኑ አርባ ምንጭ ሲደርስ፣ ወጣቶች በቁጣ ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ከወጣቶቹ ፊት ወጡና አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ቆሙ። ተመለሱም።

ልጄ ያኔ ገና ትንሽ ስለነበር ታሪኩን አያውቀውም። ጸጥ ብሎ ከሰማ በኋላ ያልጠበቅሁትን ጠየቀ። "ጋሼ፣ እና እሱስ ብለፍ አይደለም? በእጃቸው ምንም አልነበረም እኮ።"

ጋሼ ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም።

"በእጃቸውማ ሳር ብቻ ነው" አለ። "ግን እነዚያ ልጆች ሽማግሌ የያዘውን ሳር ረግጦ ማለፍ ነውር መሆኑን ሲሰሙ ነው ያደጉት። መሬት ያጣላቸውን ጎረቤታሞች፣ ባልና ሚስትን፣ ደም የተቃቡትን ሲያስታርቁ አይተዋቸዋል። ሽማግሌው ያለው ሳይሆን ሲቀር አላዩም። ያን ቀን ሳሩ ብቻውን አልነበረም። የስንት ዓመት ሥራ አብሮት ተንበርክኳል።"

በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ስንወርድ ማንም አልተናገረም። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ራሴ ነበር። ስንት ዓመት ምን ስል ኖርኩ? ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው "አያ ጅቦ መጣልህ!" አልኩት፤ አያ ጅቦ አልመጣም። "ካልበላህ ለዶክተር እነግራለሁ፣ መርፌ ይወጋሃል" አልኩት፤ አልተወጋም። "ስልክህን እሰብረዋለሁ" አልኩ፤ ስልኩ ሦስት ዓመት ሆነው፣ እስከ ዛሬ ደህና ነው። "ለአባትህ እነግረዋለሁ" ያልኩትን ብዛት እግዚአብሔር ይቁጠረው። እያንዳንዱ በባዶ እጅ የተጨመረ ፍሬ ነው። ልጄም እንደ አያቱ ነው፤ እያንዳንዱን ከፍሎ አይቶታል። ሥር ያለው ሁሌም ሰባትና ሁለት ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ካርታዬን ያነበበ ልጅ፣ በኅዳር የጮህኩትን ለምን ያምነኛል?

እናንተ ወላጆች፣ በተለይም አያቶች፣ ይህ ነገር የሚያስቅ ይመስላችኋል። እኔንም አስቆኝ ነበር። ነገር ግን ልጆቻችን ቁምነገር ላይ ሲደርሱ፣ ገንዘብም፣ ፈተናም፣ ከዚያ የባሰም ሲመጣ፣ የምንከለክልበት ሌላ ጉልበት የለንም። ቁመታቸው በልጦናል። ያለን ቃላችን ብቻ ነው። እሱንም በአያ ጅቦ ጨርሰነዋል።

የመጨረሻው ማታ ካርታ አልተጫወትንም። ልጄን ማንጎው ሥር ብቻውን አገኘሁት።

"ስለ 3,600 ብሩ ልንገርህ" አልኩት። "አባትህን የምትነግረው አንተ ነህ። እስከ እሑድ እራት ድረስ ጊዜ አለህ። እሑድ እራት ላይ ካልነገርከው አንተው ባለህበት እኔ እነግረዋለሁ። አልጮህም፣ ስልክህን እሰብራለሁም አልልም፤ አልሰብረውም። ይህን ግን አደርገዋለሁ።"

ፊቴን አየው። እንደ ካርታ ሲያየኝ ታወቀኝ። በመጨረሻም ፈገግ እያለ፣ "እማዬ፣ ምን ይዘሽ ነው?" አለኝ።

"ክፈልና እይ" አልኩት።

ዓርብ ተመለስን። ቅዳሜ አለፈ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ልጄ ክፍሉን ዘግቶ ዋለ። ባለቤቴ ከሠርግ ደክሞት መጥቶ፣ ጋሼ በላከው ሙዝ እየተደሰተ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሐሳቤን ልቀይር ምንም አልቀረኝም። ደስ ብሎት የዋለን ሰው ለምን ላስከፋው? ነገ ቢሆንስ? ይህን የመሰለ ሰበብ ሁልጊዜ ይገኛል፤ በኅዳርም ተገኝቶ ነበር።

እጅ ታጠቡ። ትሪውን አምጥቼ አስቀመጥኩ። ልጄ አቀርቅሯል። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሊያነሣ ሲል "ስማኝማ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው" አልኩ። ልጄ ቀና አለና አየኝ። ከዚያ፣ "እኔ ልንገረው" አለ።

ነገረው። አስጠኚውን፣ ካርታውን፣ 3,600 ብሩን። ባለቤቴ እጁን ከትሪው ላይ አነሣ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። መጨረሻ ላይ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "አስጠኚው አሁን ቢሆን ይቀበልሃል?" ያን ማታ እራቱ ቀዝቅዞ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ያለው የሁለቱ ጉዳይ ነው፤ ገንዘቡ በየወሩ ከኪስ ገንዘቡ እየተቀነሰ ነው፣ አስጠኚውም በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል። ካርታውን ሙሉ በሙሉ ትቷል ብዬ አልምልላችሁም።

ዕቃ ሳጥብ ማድጋ ቤት መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"እንደምትነግሪው አላመንኩም ነበር" አለኝ።

"መቼ አመንክ?"

"ትሪውን ስታስቀምጪ እጅሽ ተንቀጠቀጠ።"

"ፈርቼ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "በፖከር ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ብዙ ጊዜ የያዘ ነው።"